እስኪረጋ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዝናብ እንዳባራ፣
ሱቲን በሞተሩ መጣ ከጎማው ዛፍ ሥራ፤
ሚስቱን ከወገቡ በሽርጥ ጠፍሮ፣
እባቡን በማዳበሪያ ጆንያ ቋጥሮ።
ላምዱዋን ትባላለች። ግንባሯ ላይ የታሰረው
መብራት እንደበራ ነው፤ ማን ማጥፋቱን አስታወሰው።

እኔ ፕራኖም ነኝ፣ ነርስ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ትራንግ ውስጥ፣ ካንዲት ወረዳ፣ ከሁለት አልጋ ጋር ብቸኛ።
ጆንያውን ፈታሁት፦ ቡናማ፣ ጀርባው ባለ ጥለት፣
የደረቀ ቅጠል ነው ብሎ እግር የሚረግጠው ዓይነት።
በዓይኑና ባፍንጫው መሃል ትንሽዬ ጉድጓድ ናት
በጨለማ ሙቀት የሚያይባት።
በዚያች ሲያያት መልክ አልነበራት፤
ግለት ብቻ፣ የቆመ ትኩስ ደም ሆና ነው ያገኛት።

ሁለት ሚሊ ደም ቀዳሁ፤
በንጹሕ፣ በደረቅ ብልቃጥ ጠረጴዛው ጥግ አቆምሁ።
ሃያ ደቂቃ አይነካም፣ አይወዘወዝም፤ ሕጉ ነው።
ከዚያ አንዴ ማዘንበል፣ ረግቶ እንደሆን ማየት ነው።

ብልቃጡን ሳሙና አይንካው። ይህን በሰው ገላ ተማርሁት፦
አምና አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ፣ መርዝ የሌለው እባብ ነክሶት፤
እኔ ባጠብሁት ብርጭቆ ደሙ እንቢ ቢል መርጋት፣
የፈረስ ሴረም ሰጠሁት፤ ገላው እብጥ እብጥ አለበት።
ዛሬም ገበያ ሲያየኝ ዓሣ ይመርቅልኛል፤
ያዳንሁት ይመስለዋል።

ሱቲን ሰዓቱን ያያል። «ይህ መርዝ ምንድነው የሚሠራው?»
ምን ልበለው?
ደም ሸማኔ ነው አልሁት፤ ገላ ሲቀደድ ይነቃል፣
ፈትሉን ካለበት ያወጣል፣ ቀዳዳውን ይሸምናል።
ይህ መርዝ ሸማኔ መስሎ፣ መወርወሪያ ይዞ ይገባል፤
ቀዳዳ በሌለበት ቤት «ሥራ ጀምሩ» ይላል።
ክሩን ባንድ ጫፍ ብቻ ይቆርጣል፤ ቋጠሮ አያውቅም፤
ያላበረ ድር ነው፤ አንበሳ ቀርቶ ጠብታ አያስርም።
ሲሸመን ይበጠሳል፣ ሲበጠስ ይሸመናል፣
እንዲህ እንዲህ እያለ ፈትሉ ከቤት ያልቃል።
ከዚያ ደም መንገድ ብቻ የሚያውቅ ይሆናል፤
ከድድ፣ ካፍንጫ፣ ከትናንት ጭረት ይወጣል።

«ሃያ ዓመት ዛፍ ሳደማ» አለች ላምዱዋን ካልጋው፣
«ባንድ ጠብታ አሲድ ነው ወተቱ የሚረጋው።
አሁንም በየኩባያው... አራት መቶ ዛፍ በጥቻለሁ፣
ሳይነጋ ካልሰበሰብሁት...»
«ተረጋጊ» አልኋት። ቃሉን ራሴ ሰማሁ።
ሳቀች። ከድዷ ሥር ቀይ መስመር በጥርሷ ወረደ።
«እኔስ ረግቻለሁ፤ ለእሱ ንገሪው፤ እሱ ነው የካደ።»

አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ከጣራው እንሽላሊት ጮኸ።
ሃያ።
ብልቃጡን አዘነበልሁ።
ፈሰሰ። ክር የለ፣ ጓል የለ፤ ጥርት ያለ ቀይ ውሃ አየሁ።

ሴረሙን ሰቀልሁ። የሆነ ሜዳ ላይ አንድ ፈረስ ሣር ይግጣል፤
መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለምዶ፣ ደሙ መልሱን ያውቃል።
ስሙን አላውቅም፤ እሷም አታውቅም፤ በክንዷ ይገባል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ደገምሁ፤ አሁንም ውሃ ነው፤ ጨመርሁ።
ተረኛዋ መጣች፤ «ሂጂ» አለችኝ፤ አልሄድሁ።
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስተኛ ብልቃጥ፣ ሃያ ደቂቃ፤
አዘነበልሁት፤ እንዳኮረፈ ልጅ አልነቃነቅም አለ፤ በቃ።
ገለበጥሁት። ቀይ ጓል፣ ከብልቃጡ ታች ተጣብቆ፣
ዓለም ሲገለበጥ ያልወደቀ፣ እርስ በርሱ ተናንቆ።

ላምዱዋንን ቀሰቀስሁ። «ረጋ» አልኋት። ዓይኗን ከፍታ
ግንባሯን ዳበሰች፣ መብራቷን ፈልጋ፣ አጥታ።
ሱቲን ከዛፎቹ ተመልሶ፣ ጭቃ ለብሶ በር ላይ ቆሟል፤
ኩባያው ሁሉ ዝናብ ሞልቶት፣ ወተቱ ቀጥኖ ፈስሷል።
«ስንት ኪሎ ጠፋ?» አለችው።
እሱ እግሯን ያያል።